ዩሪያው የሚያርፍበት አፈር

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል፣ ጎዴ ላይ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረሙ። የፕሮጀክቱ ወጪ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የማምረት አቅሙ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን፣ የግንባታ ጊዜው 40 ወር እንደሆነ ተነግሯል። ጥሬ ዕቃው ከካሉብና ከሂላላ የሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ማዳበሪያ ከውጭ ለምታስገባ፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋውን ንረትና እጥረቱን በየገበሬው ደጅ ላየች አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው። ክርክሩ ግን እስካሁን የሚሽከረከረው በፋብሪካው፣ በዶላሩና በከረጢቱ ዋጋ ዙሪያ ነው። ከረጢቱ ተፈቶ ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ስለሚሆነው የሚናገር ጥቂት ነው፤ የመዋዕለ ንዋዩ ትርፍም ሆነ ኪሳራ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነው።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ሰብሉ ግን በአብዛኛው እንዳለ አይወስደውም። መጀመሪያ የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመነጩት ዩሪየዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ አሞኒየም ይሰብረዋል፤ ቀጥሎ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ፣ ከአፈር ጋር የማይጣበቅ ነገር ነው፤ ሥር ካልደረሰለት በክረምት ዝናብ ታጥቦ ወደ ታች ይሰርጋል። ውሃ በሚተኛበት የዋልካ መሬት ደግሞ አየር ሲያጥር ሌሎች ባክቴሪያዎች ይረከቡትና ወደ ጋዝ ለውጠው ይለቁታል። ገበሬው ከከፈለበት ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ በዚያው ወቅት ሰብሉ ውስጥ ሳይገባ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ማዳበሪያ በተጨመረበት ማሳ እንኳ ሰብሉ ከሚወስደው ናይትሮጅን ትልቁን ድርሻ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው አፈሩ ነው፤ ምልክት በተደረገበት ናይትሮጅን በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ሙከራዎች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል።

አፈሩ ያቀርበዋል ሲባል ከብስባሹ፣ ማለትም አፈር ውስጥ ካለው የሕይወት ቅሪት፣ የሚፈታውን ማለት ነው። የብስባሹ ዋና አካል ካርቦን ሲሆን የደጋው ማሳ ከናይትሮጅን ጉድለቱ ባልተናነሰ ካርቦን ጎድሎታል። ካርቦኑ ወደ ማሳው እንዳይመለስ የሚያደርገው ደግሞ በዋናነት የገበሬው ዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ምድጃውና ከብቱ ቀድመው ይወስዱታል። ስለዚህ የማዳበሪያ ፖሊሲ ከቤት ማገዶ ፖሊሲ ተለይቶ ሊሠራ አይችልም።

ካርቦኑን ማን ያቆየዋል?

የአፈር ሳይንስ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩ የኖሩት እንዲህ ነበር፦ የዕፅዋት ቅሪት ሲበሰብስ መጨረሻ ላይ ሂዩመስ የሚባል ጥቁር፣ ግዙፍና ለመሰባበር የሚያስቸግር ውሁድ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዮሐንስ ሌማንና ማርከስ ክሌበር ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ይህን አስተምህሮ በግልጽ ሞገቱት። በእነሱ አመለካከት አፈር ውስጥ ያለው በየደረጃው እየተሰባበረ የሚሄድ የቅሪት ተርታ ነው፤ በላቦራቶሪ ሂዩመስ ተብሎ የሚወጣው ውሁድ ጠባዩን የሚያገኘው በአብዛኛው ከማውጫው ኬሚካል ነው። ከዚያ ወዲህ እየጎላ የመጣው ግንዛቤ ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነው። ለአሥርተ ዓመታት አፈር ውስጥ ከሚቆየው ካርቦን ብዙው ባክቴሪያና ፈንገስ በልተው፣ ተራብተው፣ ሞተው የተዉት የራሳቸው ቅሪት ነው። ይህ ቅሪት ከሸክላ ቅንጣትና ከብረት ኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ፣ ወይም በአፈር ጓል ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ካርቦኑን የሚጠብቀው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ቦታው ሲፈርስ ካርቦኑም ይጋለጣል። ጤፍ ለመዝራት ማሳው አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል፤ እያንዳንዱ እርሻ ጓሉን ሰብሮ የተሸሸገውን ለአየርና ለተሕዋስያን ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚበሉት ካርቦን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በአብዛኛው ተንፍሰው ያወጡታል፤ ጥቂቱ ብቻ አካላቸው ይሆናል። ምግቡ በየዓመቱ ካልመጣ ወደ ክምችቱ ይዞራሉ። አንድ ጊዜ ኮምፖስት ጨምሮ አሥር ዓመት መጠበቅ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የክምችቱን ዋጋ በቁጥር እንየው። የአንድ ሄክታር ማሳ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ወደ 2,500 ቶን ይመዝናል። ካርቦኑ 2 በመቶ ከሆነ 50 ቶን ካርቦን አለ። በብስባሽ ውስጥ ለ12 ኪሎ ካርቦን አንድ ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ስለሚገኝ የናይትሮጅኑ ክምችት ከ4 ቶን ያልፋል። እንደ ሙቀቱ፣ እንደ እርጥበቱና እንደ አስተራረሱ ቢለያይም፣ ከዚህ በዓመት 2 በመቶው ቢፈታ ሰብሉ 83 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ያገኛል፤ ይህ በ180 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር ይስተካከላል። ካርቦኑ ወደ 1 በመቶ ሲወርድ የሚፈታውም በግማሽ ይቀንሳል። ያ ማሳ በየዓመቱ 90 ኪሎ ዩሪያ የሚሰጠውን ናይትሮጅን አጣ ማለት ነው። ከ2 ወደ 1 በመቶ በወረደበት ዘመን ደግሞ 2 ቶን ናይትሮጅን ለቋል። ደን ተመንጥሮ በታረሰ መሬት ላይ አያቶቻችን ያለ ማዳበሪያ ያገኙት ጥሩ ምርት በከፊል የዚህ ክምችት መሟጠጥ ነበር። ዛሬ በከረጢት የምንተካው ያኔ ያለ ደረሰኝ የወጣውን ነው።

በዚህ ላይ ብስባሽ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ። ውሃ ይይዛል፤ እንደ ፖታሲየምና ካልሲየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች ከመታጠብ ያድናል፤ አፈሩን አያይዞ ከመሸርሸር ይጠብቃል። ዩሪያ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም።

የመጀመሪያው ዝናብና ባዶው ማሳ

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤች ኤፍ በርች የተባለ ተመራማሪ ኬንያ፣ ሙጉጋ ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር በጥንቃቄ ለካ። የደረቀ አፈር እንደገና ሲረጥብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፍተኛ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የናይትሮጅን ልቀት ይከሰታል። ክስተቱ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። በበጋው የሞቱ ተሕዋስያን ቅሪትና ከጓሉ ውስጥ የተጋለጠው ብስባሽ ዝናቡን ተከትለው ለሚነቁት ምግብ ይሆናሉ፤ የተረፈው ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ይለወጣል። በዓመቱ ውስጥ አፈሩ ከሚሰጠው በነጻ የሚገኝ ናይትሮጅን ጥሩ ድርሻ የሚለቀቀው እንግዲህ ሰኔ ላይ፣ ሥር ገና ባልተዘረጋበት ወቅት ነው።

ይህ ለዋልካ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። ዋልካው ክረምቱን ውሃ ስለሚያቁር ገበሬው ብዙ ጊዜ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይዘራል። እስከዚያ መሬቱ ታርሶ ባዶውን ይከርማል። የተለቀቀው ናይትሬት ይታጠባል፤ ወይም በውሃው ሥር ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባሕላዊው ማረሻ ተሻሽሎ የተሠራው ሰፊ መደብ ማውጫ ውሃውን አንጣፍፎ ቀድሞ ለመዝራት የታሰበ ነበር። ጥቅሙ የሚነገረው ስለ ውሃ ማንጣፈፍ ነው፤ በእኔ ግምት ግን እኩል ሊወራለት የሚገባው የመጀመሪያውን ናይትሮጅን የሚቀበል ሥር በጊዜው ማቆሙ ነው።

ስለ ገለባም አንድ ነገር መባል አለበት። ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚበሉት ውስጥ ለ24 ኪሎ ካርቦን አንድ ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ የስንዴ ገለባ ግን ለ80 ኪሎ ካርቦን የሚይዘው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ቶን ገለባ ማሳ ውስጥ ቢቀበር የጎደለውን ከ20 ኪሎ የሚበልጥ ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። ናይትሮጅኑ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ተሕዋስያኑ ሲሞቱ ይመለሳል፤ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት። ገበሬ ገለባ መቅበርን ሞክሮ የሚተወው ብዙውን ጊዜ ይህን የመጀመሪያ ዓመት አይቶ ነው። ገለባውን ከእበት ጋር ማብላላት፣ ወይም ከትንሽ ዩሪያ ጋር መቅበር ችግሩን ያቃልላል፤ እዚህ ላይ የከረጢቱ ማዳበሪያና ብስባሹ አጋር ናቸው።

ምድጃ፣ በረትና ጓሮ

ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት እንዳላት ይነገራል። አንድ የአገር ዝርያ ከብት በዓመት በግምት አንድ ቶን ደረቅ እበት ይጥላል፤ በውስጡ 15 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን አለ። አራት ከብት ያለው ቤት ስለዚህ ከ60 ኪሎ ያላነሰ ናይትሮጅን፣ ማለትም ከኩንታል በላይ ዩሪያ የሚያህል፣ በረቱና ግጦሹ ላይ አለው። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲታይ የማዳበሪያ ችግር ያለበት አገር አይመስልም።

በተግባር ግን እንጨት በጠፋበት ደጋ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። ኩበት ሲነድ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ በጢሱ ይሄዳሉ፤ በአመዱ የሚቀሩት በዋናነት ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው። አመዱም ቢሆን የሚደፋው ከቤት አጠገብ ነው። በዚህ ምክንያት ለምነቱ ቀስ በቀስ ከሩቅ ማሳ ወደ ጓሮ ይሰደዳል። የጉራጌና የሲዳማ የእንሰት ጓሮዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። የቤቱ ፍግ ሁሉ ለዘመናት እዚያ ስለገባ አፈሩ ጠቁሮና ለስልሶ ይታያል፤ ጥቂት እልፍ ብሎ ያለው የእህል ማሳ ግን የሚመጣለት የለም። ጓሮው አፈር ሊለማ እንደሚችል ምስክር ነው፤ ሩቁ ማሳ ደግሞ በአንድ ቤት ፍግ ሁሉንም ማልማት እንደማይቻል ያስረዳል።

ለምን ይነድዳል? መልሱ ቀላል ነው፤ እንጀራ ያለ እሳት አይጋገርም። ኩበቱ ካልነደደ ሴቲቱ ወይም ልጅዋ እንጨት ፍለጋ ረጅም መንገድ መሄድ አለባቸው፤ ወይም ባሕር ዛፍ የሚተከልበት መሬት ከእህሉ መቀነስ አለበት። ኩበት በከተሞች አካባቢ ይሸጣል፤ ለብዙ ሴቶች በእጅ የሚገባ ገንዘብ ነው። ይህን ሁሉ ደምሮ እበቱን ለማሳ ሳይሆን ለምድጃ የሚያውል ቤተሰብ በትክክል አስቧል። በየዓመቱ «ኮምፖስት አዘጋጁ» የሚለው ቅስቀሳ ፍሬው የሚያንሰው ይህን ሒሳብ ስለማይነካ ነው። የልማት ሠራተኛው የተቆፈረውን የኮምፖስት ጉድጓድ ቆጥሮ ሪፖርት ያደርጋል፤ ጉድጓዱን የሚሞላው ነገር ግን ምድጃው ውስጥ ገብቷል።

ገለባውም ነጻ አይደለም። የበሬው የበጋ ቀለብ ነው፤ ለጭቃ ቤት ግድግዳ ይገባል፤ ገበያ ወጥቶም ይሸጣል። አንድ ገበሬ ቆርጦ ማሳው ላይ ቢተወው እንኳ ከአጨዳ በኋላ በልቅ ግጦሽ የጎረቤት ከብት ይበላዋል። እዚህ ላይ ግለሰብ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም፤ የሚሠራው ሰፈሩ ተስማምቶ የሚያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ በጸናባቸው ቦታዎች ከብቱ ታስሮ ይቀለባል፤ እበቱም በአንድ ቦታ ይሰበሰባል።

የመሬት አያያዙም አለበት። ብስባሽ ዘንድሮ ተጨምሮ ጥቅሙ በአምስትና በአሥር ዓመት የሚታይ ነገር ነው። ማሳውን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በኪራይ ወይም በእኩል የያዘ ሰው ዩሪያ ይገዛል እንጂ ፍግ አያጓጉዝም፤ ዩሪያው በዚያው ወቅት ይመለስለታል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ባለቤቱን ይረዳል፤ ተከራዩን ግን አይደርስለትም።

ከምድጃው በኩል መፍትሔ አልተሞከረም አይባልም። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ ሐሳቡ ከሁሉ ይበልጣል፤ እበቱ ጋዝ ይሰጣል፤ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን ይዞ ለማሳ ይተርፋል። ድክመቱ በቂ ከብት፣ ቅርብ ውሃና የመነሻ ገንዘብ ላላቸው ቤቶች ብቻ የሚሆን መሆኑ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሌላ በር ከፍቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በገጠር ቢስፋፋ ለአፈሩ ከብዙ የኮምፖስት ዘመቻ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም ምጣድ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይጎትታል፤ ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ የተዘረጋ ቀጭን መስመር ወይም አነስተኛ የፀሐይ ፓነል አይችለውም። የገጠር ኤሌክትሪክ ዕቅድ «መብራት የደረሰው ቤት» ብሎ ብቻ ሲቆጥር ይህ ጥያቄ ይታለፋል።

አሲዱና ሕያው ማዳበሪያው

ከታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ በተደጋጋሚ ይገለጻል፤ ብርቱው ችግር ዝናብ በሚበዛበት በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይታሰራል። ዩሪያ ይህን ሊያባብስ ይችላል፤ አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይወጣል፤ ናይትሬቱ ሳይበላ ከታጠበ አሲዱ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ኖራ ያርመዋል፤ ግን በሄክታር በቶን የሚቆጠር ስለሆነ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ይከብዳል። ብስባሽ አሉሚኒየሙን ይዞ ጉዳቱን ስለሚያበርድ በኖራ ላይ የሚወጣውን ገንዘብ ዕድሜ ያራዝማል። በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ብዙ ገበሬዎች አሲድ ያሸነፈውን የእህል ማሳ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ተክለውበታል፤ ገበሬው መውጫ ሲያጣ የራሱን መንገድ እንደሚፈልግ ይህ ያሳያል። ዲከረንስም በሥሩ ከሚያስጠጋቸው ባክቴሪያዎች ጋር ናይትሮጅን ከአየር የሚያስገኝ ዛፍ ነው።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ሆላንዳዊው ማርቲነስ ቤየሪንክ እ.ኤ.አ. በ1888 ከሥር ቋጠሮ ለይቶ አወጣ። ዛሬ በአገራችን ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለአኩሪ አተር ሕያው ማዳበሪያ ሆነው ይመረታሉ፤ ለሄክታር የሚበቃው ከአንድ ኪሎ በታች ስለሆነ ማንኛውም ቤት ሊገዛው ይችላል። ችግሩ ሕያው መሆናቸው ነው፤ በሞቃት መጋዘንና በፀሐይ ይሞታሉ። በጣም አሲዳማ በሆነ አፈርም አይበረክቱም። በዚያ ላይ ቆርምድ የተባለው የባቄላ በሽታ በደጋው ተዛምቶ ብዙ ገበሬ ባቄላን ከፈረቃ አውጥቷል፤ ስንዴ በስንዴ ላይ የተደጋገመበት ማሳ ናይትሮጅን ከሚያስገኝለት አጋሩ ተለይቷል። የባቄላውን በሽታ መከላከል እንደ አንድ ሰብል ጥበቃ ብቻ መታየቱ ጉዳዩን ያሳንሰዋል።

ከሥር ቋጠሮ ባክቴሪያ ውጪ «አፈር የሚያነቃቁ ተሕዋስያን» ተብለው የሚሸጡ ብዙ ፈሳሾች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አፈር ውስጥ የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን አልጠፉም፤ በአንድ ግራም እስከ ቢሊዮን ይደርሳሉ። የጠፋው ምግባቸው ነው። ዱቄት በሌለበት ቤት እርሾ መግዛት ይሆናል።

ወዴት ሊያመራ ይችላል?

በጣም የሚመስለኝ መጀመሪያ ምርት የሚጨምርበት መንገድ ነው። የጎዴው ዩሪያ በጊዜውና በተሻለ ዋጋ ቢደርስ፣ ማዳበሪያ አግኝተው በማያውቁ ማሳዎች ላይ ምርቱ ግልጽ ሆኖ ያድጋል፤ ይህ በራሱ መልካም ነው። የሥሩ ብዛትም ስለሚጨምር ለአፈሩ ትንሽ ካርቦን ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ግን ብስባሹ እንዳለ ከቀጠለ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከረጢት የሚያስገኘው እህል እያነሰ፣ የአሲዱም ስፋት እየጨመረ ይሄዳል። ርካሽ ዩሪያ ሌላ አደጋም አለው፤ ከፎስፈረስና ከሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ጋር የነበረውን ሚዛን ያዛባል። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፈር ካርታ ሥራ ዓላማ ዳፕ ከተባለው ማዳበሪያና ከዩሪያ ብቻ መውጣት ነበር።

በተቃራኒው ጫፍ ያለው «ሁሉም በተፈጥሮ ማዳበሪያ» የሚለው ሐሳብ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በትግራይ የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ ጥሩ ኮምፖስት ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር የሚፎካከር ምርት ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። አገር አቀፍ ሲሆን ግን የጥሬ ዕቃው መጠን አይበቃም፤ ለሄክታር በቶኖች የሚቆጠር ያስፈልጋል፤ ከላይ እንዳየነው አብዛኛው ተሻሚ አለው። ስሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያን በድንገት ከልክላ የሩዝ ምርቷ ሲያሽቆለቁል በወራት ውስጥ ውሳኔዋን ለማጠፍ ተገድዳለች። የተራበን አፈር በአዋጅ ማጥገብ አይቻልም።

በመካከል ያለው መንገድ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ባለሙያዎችም ይህን ለረጅም ጊዜ ሲናገሩ ቆይተዋል። አዲስ የሚሆነው ከየት እንደሚጀመር መስማማት ነው። በእኔ ግምት ዩሪያው የሚያስቀረው የውጭ ምንዛሪ ከፊሉ ወደ ገጠር ምጣድና ባዮጋዝ፣ ወደ ኖራ ማጓጓዣና ወደ ጥራጥሬ ዘር ካልተመራ ይህ መንገድ በሰነድ ላይ ይቀራል። መሥሪያ ቤቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ማገዶው የውሃና ኢነርጂ፣ አፈሩ የግብርና፣ ፋብሪካው የኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነው። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ዓመታዊ ዕቅድ ላይ «ከምድጃ ወደ ማሳ የተመለሰ እበት» የሚል መለኪያ ቢገባ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የአፈር ካርታው ሲሠራ በየወረዳው ናሙና ተወስዶ የካርቦኑ መጠን ተመዝግቧል። ከእነዚያ ነጥቦች የተወሰኑት ከፋብሪካው ምርት በፊት፣ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ በዚያው ጥልቀትና በዚያው ዘዴ እንደገና ቢለኩ፣ ከጎናቸውም የቤቱ ማገዶ ምን እንደሆነ ቢመዘገብ፣ ኩበት ማንደድ በቀነሰባቸው ቀበሌዎች ያለው አፈር ከሌላው ይለያል ወይ የሚለው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይመለሳል። ልኬቱ ከአንድ የማዳበሪያ መርከብ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው የሚፈጀው፤ መጀመር ያለበትም የጎዴው ዩሪያ ማሳ ከመድረሱ በፊት ባሉት ዓመታት ነው።